የዓርብ ካሮት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ናታን ከደብተሩ መሃል የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። «ለወላጆች በሙሉ» ይላል። ሐሙስ ጠዋት በትምህርት ቤቱ የአንጀት ትላትል ክኒን ስለሚሰጥ ልጆቹ ቁርስ በልተው እንዲመጡ፣ የሚችል ወላጅም እንዲገኝ። እናቱ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሐሙስ የጠዋት ፈረቃ ስለነበረች እኔው ይዤው ሄድኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ሴት የትምህርት ቤት በር ስገባ እግሬ በራሱ ወደ መምህራን ማረፊያው ያመራል። ዘበኛው ግን «እናት፣ የወላጅ ወረፋ በዚያ ነው» ብሎ ወደ አጥሩ ጥግ ላከኝ። ጡረታ ማለት ይኸው ነው፤ ትናንት አሰላፊ የነበርሽ ዛሬ ትሰለፊያለሽ።

አጥሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ከታች በኩል ክኒኑን የላኩት የባሕር ማዶ ድርጅቶች ዓርማ ተደርድሯል። ወረፋው ረጅም ስለነበር አንድ በአንድ አየሁት። እንግዲህ ስንቱ አገር ተሰብስቦ ስለ እኛ ልጆች ወስፋት መክሯል፤ ክኒኑም ከሩቅ ፋብሪካ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በተሳቢ መኪና ተጭኖ ቃሊቲ ደርሶ፣ ይኸው አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መዳፍ ላይ አረፈ። በጎ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ክኒን የማይሰጥበትንም ዘመን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ከባነሩ ላይ ዓይኔን ሳነሳ ከአጥሩ ማዶ ቁልቁል ወንዙ ይታየኛል፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ ያው ጎመን፣ ያው ቆስጣ፣ ያው ሰላጣ። ክኒኑ ያን ሁሉ ባሕር ሲሻገር ይህን ሁለት መቶ እርምጃ ወርዶ ወንዙን ያየ ሰው የለም። ልጁ ዘንድሮ ይውጣል፣ በሳምንቱ ከዚያው ሰላጣ ይበላል፣ በዓመቱ ደግሞ ይሰለፋል። ይህን ለማወቅ የውጭ አገር ሰው አያስፈልግም፤ እኔ አውቀው ነበር።

ናታን ተራው ሲደርስ መዳፉን ዘርግቶ ክኒኑን አሳየኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የብርቱካን ከረሜላ ይሸታል። አኝኮ ከዋጠው በኋላ ሌላ እንዲጨመርለት ጠየቀና የጤና ሠራተኛዋ ሳቀች፤ አጠገቤ ያሉ ወላጆችም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በኛ ጊዜ ክኒኑ እንዲህ አይሸትም ነበር። ምላስ ላይ እንደ ጠመኔ የሚፈርስ ነገር ነበር፤ ልጆቹ ፊታቸውን አጨማድደው ሊተፉት ሲሉ በላዩ የሚጣፍጥ ነገር የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ። ምን እንደሰጠኋቸው ነው ሐሙስ ዕለት እዚያ ወረፋ ላይ ሆዴን የበላኝ።

ያኔ አቃቂ አቃቂ ነበረች እንጂ የከተማው ጭራ አልነበረችም። ባቡሩ ሲመጣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ያሉት ሻይ ቤቶች ብርጭቋቸው ይንቀጠቀጣል፤ ፉርጎዎቹን የማይቆጥር ልጅ አልነበረም። የፋብሪካው ፊሽካ ሲጮህ ሰዓት ያለውም ሰዓቱን ያያል፣ የሌለውም ገበታውን ያነሳል። ፈረቃ የወጡ ሴቶች ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ተጣብቆ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በዋናው መንገድ ሲወርዱ ማየት ደስ ይል ነበር። ሻይ ዐሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ዐሥራ አምስት። ከሻይ ቤቱ ቴፕ የሚወጣው ዘፈን መንገዱን ተሻግሮ ክፍል ውስጥ ይገባብኝና ልጆቹ ከጠረጴዛው ሥር በእግራቸው ይመቱታል፤ እንዳልሰማሁ ሆኜ አልፋቸዋለሁ፤ የእኔም እግር ይመታ ነበራ። አንድ ጥሩ ጉርድ ነበረኝ፣ ውኃ ሰማያዊ፣ መርካቶ ያሰፋሁት፤ በሳምንት ሦስት ቀን እለብሰዋለሁ፤ በቀሩት ሁለት ቀናት ታጥቦ እስኪደርቅ የእናቴን ሹራብ ደርቤ እውላለሁ። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በካርድ የሚሸጥበት ጊዜ ነበርና ማጠቡም እንደዛሬው ቀላል አልነበረም።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔ መምህርት በሆንኩ በዓመቱ ሞተ። እናቴ ሁለት ወንድሞቼንና እኔን ይዛ ቀረች። ከድልድዩ በታች ከወንዙ ዳር ቁራጭ መሬት ነበረቻት፤ ካሮት፣ ሰላጣና ቆስጣ ታበቅልባት ነበር። ወንዙ ከላይ ከከተማው ሲወርድ ከተማው ያራገፈውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምን ምን እንደሆነ ለመናገር ቁርስ የበላ ሰው አጠገቤ አለመኖሩን ማረጋገጥ አለብኝ። መሬቱ ግን ያን ጠጥቶ እንዴት ያበቅል ነበር። እናቴ ካሮቱን ትነቅልና በቅጠሉ እስር እስር አድርጋ፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ወንዙ ውስጥ ትቆማለች። እየነከረች፣ እያሸች፣ እያርገፈገፈች ታጥበዋለች። ከውኃው ሲወጣ እንደ እሳት ነው የሚያበራው። ጭቃ ያለበትን ካሮት ገበያ ላይ ማንም አያየውም፤ ያልተነከረ ሰላጣም እስከ ቀትር ይጠወልጋል። ጎረቤቶቿም ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በሁዳዴ ጾም ደግሞ አትክልት ተሻምቶ ነው የሚያልቀው፤ የዓመቱ አስቤዛችንና የወንድሞቼ ደብተር ከዚያች ሁለት ወር የሚወጣ ነበር።

እኔ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የቃል ሒሳብ ውድድር አደርጋለሁ። ላሸነፈ ሽልማት እንዳልሰጥ እርሳስ እንኳ ለደሞዜ ከባድ ነበር። ስለዚህ እናቴ በጠዋት ወንዝ ያጠበችውን አንድ እስር ካሮት በጋዜጣ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ተማሪዎቹ ጠረኑን ከበር ያውቁታል። «ካሮቱ መጣ» ይባባላሉ። እኔም አስተማሪነት ማለት ይህ ነው ብዬ ደረቴን እነፋ ነበር፤ ሌሎቹ በአለንጋ ያስተምራሉ፣ እኔ በካሮት።

ያን ካሮት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የምትወስደው ዘሃራ ነበረች። አባቷ ጋሽ ይማም ከወሎ መጥቶ ጭነት መኪና ላይ የሚሠራ ነው፤ እናቷ ከድጃ ቤቷ ደጃፍ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ዘሃራ ቢጫ ሻሽ ታስራለች፤ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው የምትቀመጠው። ጥያቄውን ጨርሼ አፌን ሳልዘጋ መልሱ ይመጣል። ስንት ዓመት አስተምሬ እንደሷ ያለ አላየሁም፤ ይህን የምለው አሁን ስለሚቆጨኝ ብቻ አይደለም፤ ያኔም ለባልደረቦቼ እለው ነበር። አንድ ቀን አባቷን መንገድ ላይ አስቁሜ ይህች ልጅ መሐንዲስ ትሆናለች ብዬው፣ «አንቺ ካልሽ ትሆናለች፣ የኔ እህት» አለኝ። ዓርብ ማታ ካሮቱን በቅጠሉ አንጠልጥላ ስትሄድ አያታለሁ። በዩኒፎርሟ ጫፍ አንዱን ጠረግ ታደርግና ቤቷ ሳትደርስ ትጨርሰዋለች።

በዚያው ዓመት፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጤና ጣቢያው መርፌ ወጊውና ቁስል አጣቢው ድሬሰር ተክሌ በቆርቆሮ ጣሳ ክኒን ይዞ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» የሚለው፣ እሱ ግን «ድሬሰር ነኝ» እያለ የሚያርም ሰው ነበር። ልጆቹን አሰለፍንለት። የመጀመሪያው ልጅ ክኒኑን ተፋው፤ ሁለተኛው አለቀሰ። እኔ ብልኋ ዘዴ ፈጠርኩ። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ካሮቱ በእጄ ነበር፤ እየቆራረስኩ ክኒን ለዋጠ ሁሉ አንድ አንድ ቁራጭ ማደል ጀመርኩ። ወረፋው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ትሉን የሚገድለውን በአንድ እጅ፣ ትሉን የሚያመጣውን በሌላው እጅ፤ በጾም ካሮት የማይበላ የለምና የካሮቱን ነገር ማንም አልጠረጠረም። ተክሌ ግን አንዱን ቁራጭ ከእጄ ወስዶ አገላብጦ አየና ማን እንዳጠበው ጠየቀኝ። እናቴ እንደሆነች ነገርኩት። የት እንዳጠበችው ጠየቀኝ። ቀጣዩን ካሮት መቁረስ ጀመርኩ። ቤታችንን ያውቀዋል፤ መልሱንም ያውቀዋል።

ያኔ ወደ ልጆቹ ዞሮ በወንዝ ውኃ የታጠበ ጥሬ ነገር መብላት እንደማይገባ፣ የወስፋቱ እንቁላል በዓይን እንደማይታይ፣ ክኒኑን የሚያከሽፈውም ይህ እንደሆነ ነገራቸው። ልጆቹ ካሮቱን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። ዘሃራ ቁራጩን አፏ ጋ አድርሳ ቆማ ነበር። ጥቂት ቢቆይ እናቴ ቆሻሻ የምታበላ ሴት ተብላ በሰፈሩ ስሟ ሊነሳ ነው፤ ገበያው ሊቀር ነው፤ ወንድሞቼ ከትምህርት ሊቀሩ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣብኝ። «የኛ ካሮት ንጹህ ነው፣ ብሉ» አልኳቸው። በአስተማሪ ድምፅ ነው ያልኩት፤ ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ ነው በምልበት ድምፅ። በሉ። ተክሌ ጣሳውን ከድኖ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ብዙም አልተነጋገርንም።

ማታውን ለእናቴ ነገርኳት። ቢያንስ በቧንቧ ውኃ እንድታለቀልቀው ጠየቅኳት። የሰፈሩ ቦኖ በቀን ለስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ወረፋው የት እንደሚደርስ ቆጠረችልኝ። ደግሞም ወስፋት ከሰው ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው፣ እሱ ባይጮህ መራባችንን በምን እናውቅ ነበር አለች። «እኛስ ይህንኑ በልተን አይደል ያለነው?» አለችኝ በመጨረሻ። እውነቷን ነው፤ እኛም እንበላው ነበር፤ የወንድሞቼም ሆድ ከበሮ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን በዚያን ዓመት ዝም ያልኩት ነቅዞ አይቼዋለሁ።

ክረምቱ ሳይገባ ዘሃራ መለወጥ ጀመረች። ፊቷ ገረጣ። ቢጫው ሻሽ ሥር ያለው ግንባሯም ቢጫ ሆነ። ዓርብ ዓርብ መልሱ ከሷ መምጣቱን ባያቆምም ዘግየት ይል ጀመር። አንድ ቀን ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ወድቆ የቀረ ጠመኔ ስታኝክ አግኝቻት እጇን በማስመሪያ መታሁት። ገላዋ ደም አጥሮት ጠመኔና አፈር እንደሚያስመኛት አልገባኝም፤ ብልግና መሰለኝ። እሷም አላለቀሰችም። አፏ ዙሪያ ነጭ ሆኖ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በዚያን ሳምንትም አሸነፈችና ካሮቷን ሰጠኋት።

የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ቀን ጠዋት ከድጃ እየደገፈች አመጣቻት። የመጀመሪያው ወረቀት ሒሳብ ነበር። ፈታኙ እኔ አልነበርኩም፤ በመስኮት ነው ያየሁት። እርሳሷን ቀርጻ፣ ስሟን ጽፋ፣ ወደ ጥያቄው ስትዞር ታጠፈች። ሆዷን ይዛ ከአግዳሚው ወደቀች። በጭነት መኪና ነው ከተማ ሆስፒታል የወሰድናት። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ አንጀቷን የዘጋው የወስፋት ጥቅል ነበር። ሐኪሙ ያወጣውን በሳህን አድርጎ ለአባቷ እንዳሳየው፣ ጋሽ ይማምም ኮሪደር ላይ እንደተቀመጠ ነገሩኝ። ልጅቷ ዳነች። ፈተናው ግን አለፋት። በዓመቱ ትድገም ብዬ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ፤ አባቷ አክብሮ አስገብቶኝ፣ ይህች ልጅ ከእንግዲህ አጠገቤ ትሁን፣ ትምህርቱ ይቅርብን አለኝ። መሐንዲስ ያልኳት እኔው ስለነበርኩ ብዙ አልተከራከርኩም።

ሆስፒታል የሄድኩበት ቀን ግን እንዲህ በቀላሉ አልተወኝም። ስድስት ብርቱካን ይዤ ነበር። ከድጃ ተቀብላ አላህ ይስጥልን አለችና፣ ከአልጋው ሥር ማንቆርቆሪያ አውጥታ ብርቱካኑን አንድ በአንድ አጠበችው። ቀስ እያለች፣ እያዟዟረች፣ ልጣጩን እያሸች። የሚላጥ ብርቱካን ማን ያጥባል ብዬ ገረመኝ። የእስላም ወግ ይሆናል አልኩና ለራሴ መልስ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከድጃ ሁሉንም ካጠበች በኋላ ለልጇ ላጠችላት፤ ለእኔም ከፈለችልኝ።

ሐሙስ ዕለት ናታን ክኒኑን ውጦ ወደ ጓደኞቹ ሲሮጥ ከኋላዬ አንዲት ሴት «ቲቸር» አለች። አሁን ቲቸር የሚለኝ ጥቂት ሰው ስለሆነ ቶሎ ዞርኩ። ወፈር ያለች፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት፤ በአንድ እጇ ሕፃን ልጅ፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። የለየኋት ሻሿ ቢጫ ስለነበር አይደለም፣ ጥቁር ነበር፤ ሰላምታዬን ሳልጨርስ መልሱን ስለሰጠችኝ ነው። ዘሃራ። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። ሕፃኗ የልጇ ልጅ ሐያት ናት፤ አንደኛ ክፍል። እሷ ራሷ አቃቂ ገበያ አትክልት ትሸጣለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ደርሰዋል፣ አንዱ ቃሊቲ ጋራዥ አለው። ይህን ሁሉ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ስትስቅ እጇ ሆዷ ላይ ያርፋል። ወዲያው ፌስታሉን ከፍታ አንድ እስር ካሮት አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ለገበያ ይዛው ስትሄድ እግረ መንገዷን ልጅቷን ክኒን ልታስውጥ ነው የገባችው።

«የእርስዎን የዓርብ ካሮት እኮ እስከ ዛሬ አልረሳውም» አለችኝ። «በዕድሜዬ የተሸለምኩት እሱን ብቻ ነው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ካሮቱን መቀበል አቃተኝ። እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ወንድሞቼም ራሳቸውን ችለዋል፤ ከእንግዲህ የምደብቀው ለማን ነው? ወደ አጥሩ ጥግ ይዣት ሄድኩና በደረቁ ነገርኳት። «ዘሃራ፣ ሆድሽን ያስቀደደሽ ያ ካሮት ነው። እናቴ ወንዝ ውስጥ ነበር የምታጥበው። እኔ አውቅ ነበር።»

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ፌስታሉን ከእጇ ወደ እጇ አዛወረች።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለችኝ። «ድሬሰሩ ያኔውኑ ቤታችን መጥተው ለእናቴ ነግረዋታል። እናቴም አትብዪ ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?»

«እርስዎ ንጹህ ነው ብለውን የለ?» አለች፤ ወቀሳ የለበትም፣ እንደ ሒሳብ መልስ ነው ያለችው። «እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ድሬሰሩ መርፌ ስለሚወጉ አንወዳቸውም። ከእርስዎ በላይ ማንን ልመን?»

ማንቆርቆሪያው የታየኝ ያኔ ነው። ከድጃ እያወቀች ነበር። ልጇ አልጋ ላይ ሆዷ ተቀድዶ ተኝታ፣ የኔን ብርቱካን አንድ በአንድ አጥባ፣ ለእኔም ከፍላ አብልታኛለች። ይሉኝታ ይዟት ነው እንጂ ያን ቀን ፊቴ ላይ ልትተፋ ይገባት ነበር። ብትተፋብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘሃራ የእሷን ካሮት በቧንቧ ውኃ እንደምታጥብ ነገረችኝ፤ ሁለት ጀሪካን ነው የሚፈጀው። አትክልቱ የሚጠጣው ግን አሁንም ከዚያው ወንዝ ነው አለች፤ ሌላ ውኃ ከየት ይምጣ። ሁለት ጀሪካን። ከዚያ ቦኖ ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ መውረድ ያቅተኝ ነበር ወይ ብዬ እስካሁን እያሰብኩ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጉልበት ነበረኝ።

ሐያት የአያቷን ቀሚስ ጎተተችና ይህች ሴትዮ ማን ናት አለቻት።

«አስተማሪዬ ናቸው» አለች ዘሃራ፤ ልጅቷን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ። «የሚሉሽን ስሚ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። የክኒኑ ከረሜላ ገና አፏ ላይ ይሸታል። ጎንበስ ለማለት አጥሩን መያዝ ነበረብኝ።

«ካሮት ሳታጥቢ እንዳትበዪ» አልኳት። «ማንም ንጹህ ነው ቢልሽ አትመኚ። እኔም ብልሽ።»

«እሺ» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ፌስታሉ ላይ ነበር።